የአባቴ 4.6 ሴንቲ ሜትር

ሆድ ውስጥ የሚያብጥ የደም ቧንቧ ከመፈንዳቱ በፊት ምን ማወቅ፣ ምንስ ማድረግ ይቻላል?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አባቴን ወደ ክሊኒክ የወሰድኩት ለሽንት ጉዳይ ነበር። ዕድሜው 71 ነው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ስለሚነሳ እሱም እናቴም እንቅልፍ አጥተው ነበር። በመጨረሻ እናቴ «ሂድና ታይ፤ አለበለዚያ እኔ ሳሎን ነው የምተኛው» ብላ ቁርጡን ነገረችው። ሐኪሙ አልትራሳውንድ አዘዘ። እኔም ከመሥሪያ ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ገባሁ።

ባለሙያዋ ፕሮስቴቱን አይታ ጨረሰች። ከዚያ ግን መሣሪያውን ወደ እምብርቱ ከፍ አደረገችና እዚያው ቆየች። ምስሉን ታቆማለች፣ ትለካለች፣ እንደገና ትለካለች።

«አባት፣ ሆድዎን ወይም ወገብዎን ያምዎታል?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ። ሽንቱ ነው እንጂ» አላት።

የውጤቱ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛው የጠበቅነው ነው፤ ፕሮስቴቱ ትንሽ አድጓል። ሁለተኛውን ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ የሆድ አኦርታ አኒዩሪዝም፣ 4.6 ሴንቲ ሜትር። መኪና ውስጥ አባቴ ቀበቶውን እስኪያስር ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ያገኘሁት ሁሉ «ሲፈነዳ» በሚል ቃል የተሞላ ነው። «ምን ይላል?» ሲለኝ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና «ፕሮስቴትህ ትንሽ አድጓል» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ እውነቱን ሁሉ ግን አልነገርኩትም።

ሐኪም አይደለሁም። ያጠናሁት ቢዝነስ፣ ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሐኪሞችን እየጠየቅኩ፣ ጥናቶችን እያነበብኩ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ያን ቀን መኪናው ውስጥ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር። ይህ ሕመም ሲፈነዳ ገዳይ ነው፤ ቀድሞ ሲታወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ይሰጣል። ዋናው ጉዳይ ቤተሰቡ በዚያ ጊዜ ምን ይሠራበታል የሚለው ነው።

ጎኑ ያበጠ ጎማ

አኦርታ ከልብ ተነስቶ በደረትና በሆድ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። ሆድ ውስጥ ያለው ክፍል በጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው እየደከመ ሲሄድ ቧንቧው ይለጠጣል። 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ አኒዩሪዝም ይባላል።

አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይነት ስሜት የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንደ አባቴ በሌላ ምክንያት ሲመረመሩ ነው። ከፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ከሚፈነዳባቸው 10 ሰዎች 8 ያህሉ ይሞታሉ፤ ብዙዎቹም ሆስፒታል ሳይደርሱ ነው።

የደም ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ምስጢሩን ብቻዬን ይዤ ቆየሁ። አባቴ ደረጃ ሲወጣ፣ የውኃ ጀሪካን ሲያነሳ ልቤ ይዘላል። በቀጠሮው ዋዜማ ማታ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ለምን እስካሁን ደበቅሽኝ? ሆዱ የኔ አይደለም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ዶክተሩ ወረቀት ላይ ቧንቧ ስለው ሲያስረዱት፣ አባቴ ገና ሳይጨርሱ «ገባኝ። ጎኑ ያበጠ ጎማ ማለት ነው» አላቸው። በወጣትነቱ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በኋላ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቶ ነው ያሳደገን። «እንዲህ ያለ ጎማ መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም። ጭነት መቀነስ ነው፣ ፍጥነት መቀነስ ነው፣ በየማረፊያው ወርዶ ማየት ነው። ሲብስበት መቀየር ነው።»

ዶክተሩ ሳቁ። «አባት፣ እኔ የምነግርዎትን እኮ ጨረሱት!»

«ለምን አሁኑኑ አይወጣም?»

ይህ የኔ ጥያቄ ነበር። አደጋ ካለ አሁኑኑ ማስወገድ ነው ብዬ ነው የገባሁት። ዶክተሩ የሰጡኝ መልስ ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ብዙም የራቀ አይደለም። ሪስክ ሁልጊዜ ከሌላ ሪስክ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚታየው። በአንድ በኩል እብጠቱ በዚህ ዓመት የመፈንዳት ዕድሉ አለ። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምናው ራሱ የሚያመጣው አደጋ አለ።

ይህን ንጽጽር ሁለት ትልልቅ ጥናቶች መርምረውታል። አንደኛው በእንግሊዝ 1,090 ሰዎችን፣ ሌላው በአሜሪካ 1,136 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር። ሁለቱም እብጠታቸው ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆኑ ሰዎችን በሁለት ከፈሉ፤ ግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ በአልትራሳውንድ ክትትል ሥር ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2002 የታተሙት ውጤቶች አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቸኩሎ መቀደድ ዕድሜ አልጨመረም። በክትትል ላይ በነበሩት ሰዎች የመፈንዳት ዕድሉ በዓመት ከ100 ሰው አንድ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነበር።

ከ5.5 በላይ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለቀዶ ሕክምና ያልበቁ ወይም ያልፈለጉ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በዚያ ጥናት እብጠታቸው ከ5.5 እስከ 5.9 ሴንቲ ሜትር ከነበሩት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው 9 ያህሉ ላይ ፈንድቷል። 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በነበሩት ላይ ቁጥሩ ወደ 33 ወጣ። በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ከዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳዩም አቅጣጫው ያው ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ለወንድ 5.5፣ ለሴት 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢን የውሳኔ መስመር አድርገው ይይዛሉ።

አባቴ ከመስመሩ በታች ነው። «በየስድስት ወሩ እንየው» አሉን። ከዚያ ክፍል ስወጣ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ምንም አለማድረግ መስሎኝ ነበር። አለመሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አደጋው በምን ይገመታል?

የመጀመሪያው መለኪያ ወርዱ ነው። ምክንያቱ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ያው የደም ግፊት ግድግዳውን አብዝቶ ይወጥረዋል። ፊኛ ሲነፋ እየሰፋና እየሳሳ እንደሚሄደው ማለት ነው።

ሁለተኛው የእድገቱ ፍጥነት ነው። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ ያጠናቀረውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ትንተና እንደሚያሳየው፣ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ እብጠት በወንዶች ላይ በአማካይ በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል። በትልቅነቱ መጠን ፍጥነቱም ይጨምራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካደገ ግን ቀጠሮ መጠበቅ የለም።

ሦስተኛው ሰውየው ራሱ ነው። ሕመሙ በወንዶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል፤ ሴት ላይ ሲገኝ ግን በተመሳሳይ መጠን የመፈንዳት ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ የመፈንዳት ዕድሉ ከማያጨሰው እጥፍ ነው። ከፍ ያለ የደም ግፊትም አደጋውን ይጨምራል።

ወርድ ብቻውን ሁሉን እንደማይናገር ተመራማሪዎች ያውቃሉ። ትንሽ ሆኖ የሚፈነዳ አለ፤ ትልቅ ሆኖ ለዓመታት የሚቆይም አለ። ስለዚህ ከሲቲ ስካን ምስል ተነስተው የቧንቧው ግድግዳ የት ጋ አብዝቶ እንደተወጠረ በኮምፒውተር የሚያሰሉ አሉ። ኤድንብራ ላይ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ብግነት በኤምአርአይ የማየት ሙከራ ተደርጓል። ተስፋ ሰጪ ናቸው፤ እስካሁን ግን ዕለታዊው ውሳኔ የሚሰጠው በወርዱ ነው።

ሁለት ቦታ፣ ሁለት ቁጥር

ሚያዝያ ላይ ሁለተኛው ምርመራ ደረሰ። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ለመሥሪያ ቤቴ ቅርብ የሆነ ሌላ ማዕከል ወሰድኩት። ውጤቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይላል። በስድስት ወር 4 ሚሊ ሜትር! ያን ሳምንት በቤታችን ሰላም አልነበረም። ወንድሜ ውጭ አገር ስለመውሰድ ያወራል፣ እናቴ ስእለት ትሳላለች፣ እኔ ራሴን እወቅሳለሁ።

ዶክተሩ ሁለቱንም ምስሎች ጎን ለጎን አደረጉ። አንደኛው የተለካው ከውስጠኛው ግድግዳ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ነው፤ ሌላው ከውጨኛው እስከ ውጨኛው። በዚህ ብቻ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሊመጣ ይችላል። ለማረጋገጥ ሲቲ ስካን አዘዙ፤ በመጀመሪያው አለካክ ሲሰላ 4.7 ሆነ።

ከዚህ የተማርነው ቀላል ነው። ክትትሉ በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ፣ በአንድ አይነት አለካክ፣ ቢቻል በአንድ ባለሙያ ይሁን። ምስሎቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ያዙ። ሪፖርቱ ላይ እንዴት እንደተለካ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ጭነቱን መቀነስ

እብጠቱን የሚያጠፋ ኪኒን የለም። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ እድገቱን ይቀንስ እንደሆነ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት እንዳልረዳ አሳይቷል። ፕሮፕራኖሎልም አልሠራም። የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ እብጠቱ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ስለታየ፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት አሁን በጥናት ላይ ነው። እስከዚያው በእጃችን ያለው የሚከተለው ነው።

ሲጋራ። ከሁሉም በላይ ሊለወጥ የሚችለው ይህ ነው። አባቴ ማጨስ የጀመረው አሰብ መንገድ ላይ እንቅልፍ ለማባረር ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ ሁለትና ሦስት አውርዶት፣ ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ነበር የሚያጨሰው። «ሁለት ምን ታደርጋለች?» ይል ነበር። ዶክተሩ «እርስዎ ራስዎ ጭነት መቀነስ ነው አላሉኝም?» አሉት። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተመለሰበት። በሦስተኛው ከበዓለ ሃምሳ ወዲህ አላጨሰም። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት አሁን ከልጄ ጋር በእግር ይሄድበታል።

የደም ግፊት። መድኃኒቱን በየቀኑ፣ በሰዓቱ። አባቴ በጾም ወቅት ጠዋት ሳይውጥ እየዋለ አንዳንድ ቀን ጨርሶ ይረሳው ነበር። ለዶክተሩ ስንነግራቸው ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወሩለት። ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ገዝተናል፤ እናቴ በደብተር ትመዘግባለች።

ኮሌስትሮል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው የልብና የአንጎል የደም ቧንቧዎቹም ብዙ ጊዜ የተጎዱ ናቸው። ትንሽ አኒዩሪዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት በመፈንዳቱ ሳይሆን በልብ ሕመም ነው። ስታቲን የታዘዘለት ለዚህ ነው።

አንቲባዮቲክ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች አልፎ አልፎ አኦርታን ሊጎዱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 አስጠንቅቋል። አኒዩሪዝም ላለበት ሰው ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ እንዳይሰጡም መክሯል። «ሲፕሮ» በእኛ ቤት ለተቅማጥም ለሽንትም ከመሳቢያ የሚወጣ መድኃኒት ነበር። አባቴ የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዘው ሊታዘዝለት ሲል ስለ አኦርታው ነገርናቸው፤ ወዲያው በሌላ ቀየሩለት። አሁን በቦርሳው ውስጥ ሕመሙ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ይይዛል።

እንቅስቃሴ። መጠነኛ የእግር ጉዞ ይበረታታል። ትንፋሽን ይዞ ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ይቅር ተብሏል። ጀሪካኑን አሁን ወንድሜ ነው የሚያነሳው።

መስመሩ ሲደርስ

መጠገኛው ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ሆድ ተከፍቶ የተለጠጠው ክፍል በሰው ሠራሽ ቧንቧ የሚተካበት ነው። ፓሪስ ውስጥ ሻርል ዱቦስት እ.ኤ.አ. በ1951 ይህን መንገድ ከፈተ፤ እሱ የተጠቀመው ከሌላ ሰው የተወሰደ ቧንቧ ነበር። ሁለተኛው በብሽሽት በኩል ገብቶ ከውስጥ ድጋፍ ያለው ቧንቧ የሚዘረጋበት ሲሆን፣ ኁዋን ፓሮዲ ቦነስ አይረስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራው። በእንግሊዝ በተደረገ ንጽጽር በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሞቱት በሆድ መክፈት ከ100 ሰው 5 ያህሉ፣ በሁለተኛው መንገድ 2 ያህሉ ነበሩ። ሁለተኛው ግን ዕድሜ ልክ የምስል ክትትል ይፈልጋል፤ ጥቅሙም በዓመታት ውስጥ ይቀንሳል። የትኛው ይሻላል የሚለው በቧንቧው ቅርጽና በሰውየው አቅም ይወሰናል።

ከ1951 በፊት ምርጫው ጠባብ ነበር። አልበርት አንስታይን ይኸው ሕመም ነበረበት፤ ፒፓ አጫሽም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ሰርጀን እብጠቱን በሴሎፋን ጠቀለለለት። ከዚያ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖረ። ሚያዝያ 1955 ሲፈነዳ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢቀርብለትም አልፈለገም፤ በ76 ዓመቱ ፕሪንስተን ውስጥ ዐረፈ።

እኛ ቤት አሁን የምንሠራው ዝግጅት ነው። መስመሩ ቢደርስ የት ይሠራል፣ ስንት ያስወጣል፣ ደም የሚሰጠው ማን ነው የሚለውን አስቀድመን እየጠየቅን ነው። ሦስት ልጆች ነን፤ በጋራ የባንክ ደብተር ከፍተን በየወሩ እናስገባለን። ሳይደርስ ከቀረ ለእናትና አባታችን ጉዞ ይሆናል።

ለወንድምም ይነገር

ዶክተሩ ከመሸኘታችን በፊት የጠየቁት የመጨረሻ ጥያቄ «ወንድም አለዎት?» የሚል ነበር። የቅርብ ሥጋ ዘመድ ካለበት ሰው ላይ ሕመሙ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። አጎቴ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ 67 ዓመቱ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ አጫሽ ነበር። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆኑና አጭሰው የሚያውቁ ወንዶች አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንዲታዩ ይመከራል። በእንግሊዝ ደግሞ ወንዶች 65 ዓመት ሲሞላቸው ይጠራሉ። አጎቴ ደብዳቤው ደርሶት ኖሮ አልከፈተውም። ከአባቴ ጋር በስልክ ከተጨቃጨቁ በኋላ ሄደ፤ 2.1 ሴንቲ ሜትር፣ ጤነኛ።

በአገራችን እንዲህ ያለ ጥሪ የለም። ምርመራው ግን ያው ለእርግዝናና ለኩላሊት የምናውቀው አልትራሳውንድ ነው፤ ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆነ፣ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ የነበሩ አባት፣ አጎት ወይም አያት ካሏችሁ፣ ለሌላ ጉዳይ ሆድ ሲታይ «አኦርታውንም ይለኩልን» ማለት ይቻላል። በቤተሰብ ውስጥ ካለ ደግሞ የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ከ50 ዓመት ጀምሮ ለወንድም ለሴትም ምርመራውን ያስባል።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ

አኒዩሪዝም እንዳለበት የሚታወቅ ሰው፣ ወይም ሳይታወቅለት ዕድሜው የገፋ አጫሽ፣ የሚከተሉት ከታዩበት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወሰደው፦

ድንገት የጀመረና የማይለቅ የሆድ፣ የወገብ ወይም የጎን ሕመም፤ አንዳንዴ የኩላሊት ጠጠር ይመስላል።
ማዞር፣ ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የፊት መገርጣት።
ከሕመም ጋር ሆድ ውስጥ የሚመታ እብጠት።

«ነፋስ ነው፣ ዝንጅብል ይፍላለት» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። በር ላይ ስትደርሱም የመጀመሪያው ቃል «አኒዩሪዝም አለበት» ይሁን።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ወደዚያችው የመጀመሪያዋ ባለሙያ ተመለስን። 4.8 ሴንቲ ሜትር። አባቴ ወረቀቱን ከኔ ቀድሞ ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። መኪና ውስጥ «ምን ይላል?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። «ሁለት ሚሊ ጨምራለች። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» አለና ቀበቶውን አሰረ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሚያዝያ ነው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ በእናቴ ጽሑፍ ተለጥፏል።